«እግዜር ይስጥዎ እማማ»

ይህን የምጽፈው ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ነው። ፊደል ብስት እለፉኝ፣ ደሜ ፈልቷል።

የአባዶዋን ቤቴን ታውቋታላችሁ። በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ፣ ወጣቷ ልጅ ሽበት ካወጣሁ በኋላ የደረሰችኝን። 20 ከመቶውን ከጉሮሮዬ ነጥቄ ከፈልኩ፣ 80ው ዛሬም የባንክ እዳ ነው። ያው አልኖርባትም። እማዬን ይዤ አባዶ ብገባ ከነጋ ማን ሥራ ያደርሰኛል? ስለዚህ አከራይቻታለሁ። ላም አለኝ በሰማይ የተባለው ለእኔ ነው። ወተቷም የሚወርደው ተከራዩ ደስ ሲለው ነው።

ተከራዩን እስከ ዛሬ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ውሉን የተፈራረምኩት ከሚስቱ ጋር ነው። እሷ ጨዋ ሴት ናት፣ እሷን አልወቅስም። ሰሞኑን ግን የብሎኩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ደወሉልኝ። «የእርስዎ ተከራይ ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ገመድ አውርዶ መኪና ቻርጅ ያደርጋል። ማታ ማታ ብሬከሩ እየወረደ ተቸግረናል። ልጆች ይረግጡታል። አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂዋ እርስዎ ነዎት።»

እኔ! ብስክሌት እንኳን የሌለኝ ሰው በመኪና ልጠየቅ!

ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ ነጠላዬን እንደለበስኩ ተነሳሁ። ከሽሮ ሜዳ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ መገናኛ፣ ከመገናኛ አባዶ። የመገናኛን ሰልፍ አልነግራችሁም፣ እሱ ለብቻው ሌላ ብሶት ነው። ረዳቱ ሞተሩ ላይ አስቀምጦኝ ሙሉ ሒሳብ ተቀበለኝ። ካራ እስክንደርስ ቂጤ ተጠበሰ። ይቅርታ፣ ግን እውነት ነው።

ደረስኩና ገመዱን አየሁት። ወፍራም ብርቱካናማ ገመድ ነው። ከእኔ መኝታ ቤት መስኮት ይወጣል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ካለው የልብስ ማስጫ ሽቦ ጋር አንዴ ተጠምዝዟል። ከሕፃን ቱታና ከአንሶላ መሀል ሾልኮ መሬት ይወርዳል። ጫፉ ላይ ነጭ ቢዋይዲ ተሰክቶበታል። መስኮቱ በገመዱ ምክንያት አልዘጋ ስላለ ክፍተቱን በፌስታል ወትፈውታል። ያንን መስኮት ያስገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ዕቁብ ወጥቶልኝ! መኪናው ደግሞ የወንበሩ ላስቲክ እንኳን ገና አልተቀደደም።

ሰውየው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስልክ ያወራል። ጠጋ ብዬ መስታወቱን በጣቴ ቆርቆር አደረግኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ነጠላዬን አየ። አቧራ የጠጣ ጫማዬን አየ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «እግዜር ይስጥዎ እማማ» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ገብቷችኋል? የኔ ቢጤ መስዬው ነው። በገዛ ቤቴ ሥር! የእኔን መብራት ለመኪናው እያጠጣ!

መጀመሪያ «እማማ»ዋን ልጨርስ። ሰውየው ጎልማሳ ነው፣ ሆድ ሁሉ አውጥቷል። የእኔን ዕድሜ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። በጣም ከበዛ ታላቅ እህቱ ብሆን ነው። ነጠላ የለበሰች ሴት ሁሉ እማማ ናት እንዴ?

ደግሜ አንኳኳሁ። አሁን መስታወቱን ጣት የምታስገባ ያህል አወረደልኝ።

«እማማ፣ ዝርዝር አልያዝኩም።»

«ዝርዝር አልጠየቅኩህም። የቤቱ ባለቤት ነኝ።»

«የቱ ቤት?»

«ገመዱ የወጣበት።»

ወደ ላይ አየ። ወደ እኔ አየ። እንደገና ወደ ላይ አየ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ዘሎ ወረደ። «ውይ! ውይ እትዬ! በሞቴ ይቅርታ፣ አላወቅኩዎትም እኮ!» እማማ ቀረና እትዬ ሆንኩ። ወዲያው ደግሞ ዙሪያውን መገላመጥ ጀመረ።

«መኪናዎን የት አቆሙት? ወደዚያ ካቆሙት እዚህ ሰፈር ልጆች ይቧጭራሉ።»

«በታክሲ ነው የመጣሁት።»

«ራይድ ጠርተው?»

«ታክሲ። ሰማያዊው።»

«አሃ።»

እቺን «አሃ» ብትሰሟት! ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው ያለባት። ድምፁ ወዲያው ተቀየረ። ይቅርታው ሁሉ በረደ። ትንሽ አሰብ አደረገና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቤቱ በእርስዎ ስም ነው ወይስ ውጭ ያለ ልጅ አለዎት?»

ካርታውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አልዞር!

ይሁን ብዬ ዋጥኩት። ስለ ገመዱ ነገርኩት፣ «እናስተካክላለን» አለ። የወሩ ኪራይ እንዳልገባም ነገርኩት። በረጅሙ ተነፈሰ። መኪናውን በእጁ እያሳየኝ «ያው ያዩታል እትዬ፣ ወጪ በዝቶብኝ ነው። ትንሽ ይታገሱኝ» አለ። ሐዘን የደረሰበት ሰው አስከሬን የሚያሳይ ነበር የሚመስለው። አንጀቴን ሊበላኝ ምንም አልቀረውም። ከዚያ መኪና መሆኑ ትዝ አለኝ።

«እንዲህ ከሆነ ሌላ ተከራይ ብፈልግ ይሻለኛል» ስለው ደግሞ ፈገግ አለ። «እትዬ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ያውቁታል አይደል? ውላችን ሁለት ዓመት ነው።»

አዋጅ ጠቀሰልኝ! በቁጥሩ! ሕጉን እኔም አውቀዋለሁ። ከሁለት ዓመት በታች ውል የለም፣ ኪራይ እንደ ልብ መጨመርም የለም። ተከራይ ብሆን እልል የምልለት ሕግ ነው። ለተከራይም ይገባዋል፣ አከራዮች ስንት ጉድ ሠርተናል። ግን ወንድሜ፣ እዚያው አዋጅ ውስጥ ተከራይ ኪራዩን ይክፈል የሚልም አለ እኮ! እሱ ገጽ ተቀዶ ነው የደረሰህ?

ልሄድ ስል ኪሱ ገባና ሁለት መቶ ብር መዥረጥ አደረገ። «ለትራንስፖርት ይያዙ እትዬ።» ዝርዝር የለኝም ያለው ሰውዬ! አልወሰደችም የምትሉ የዋሆች ካላችሁ ወስጃለሁ። «ከኪራዩ ላይ ይታሰባል» ብዬው ሄድኩ።

አሁን ሳስበው ባለፈውም እንዲሁ ነበር። ኪራዩ ሲዘገይ ሚስቱ ደውላ «ስፖኪዮ ተሰርቆብን ነው» አለችኝ። አዝኜ ዝም አልኩ። ኋላ አንድ ሶማሌ ተራ የሚሠራ ጎረቤታችንን የዚህ መኪና ስፖኪዮ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ዋጋውን ሲነግረኝ ከወር ኪራዬ ይበልጣል። የአንድ ጆሮው ዋጋ ከእኔ ሙሉ ቤት ኪራይ ይበልጣል! ሁለቱም ላይ አሁን የታርጋ ቁጥር አስጽፎባቸዋል። እኔስ ቤቴ ላይ ስሜን ላስጽፍ ይሆን? ቢያንስ የኔ ቢጤ አልመስልም ነበር።

ደሞ እሱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። እዚህ እኛ ሰፈር ያለውን ታዩት የለም እንዴ? ቪ8 የሚነዳው የጎረቤታችን ልጅ ከእናቱ ጋር የሚኖረው የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። መኪናው በቅያሱ ስለማይገባ ሱቁ ጋ ያቆመውና ለዘበኛ ይከፍላል። ማታ ማታ ሸራ ያለብሰዋል፣ ዝናብ እንዳይነካው። እናትየው በክረምት ጣሪያው ሥር ሳፋ ደርድራ ስታድር እኔ ምስክር ነኝ። ቆርቆሮው እንዳይነቀል ድንጋይ ተጭኖበታል። «ለምን አታሳድሰውም?» ብለው «ቤቱ እኮ የእኛ አይደለም፣ ወረዳ ሳይፈቅድ ሚስማር አይመታም» አለኝ። እሱም እውነቱን ነው። ከ1967 ጀምሮ የመንግሥት የሆነ ቤት ላይ ማን ብሩን ያፈሳል? ብሩ ጎማ ላይ ፈሰሰ።

ሰውም የሚያየው ጎማውን ነው። ባለፈው ለሥልጠና አንድ ትልቅ ሆቴል ሄጄ ነበር። ጥበቃው ለመኪናዎቹ መስታወት ከሥር አሳይቶ ሰላምታ እየሰጠ ያሳልፋል። እኔን «ወደ ጎን ቁሚ» አለኝ። ቦርሳዬን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። የእማዬ የደም ግፊት ክኒን፣ የምሳ ዕቃ፣ ምኑ ቅጡ። የምሳ ዕቃውን ክፈቺው አለኝ። ሽሮ ነው። ሽሮ ይፈነዳል እንዴ? ከኋላዬ የመጣ ባለ ፕራዶ የዕቃ መጫኛውን እንኳን አልከፈተም።

የአጎቴ ልጅ ሽምግልና ላይስ? ልጁ ሰሚት ቤት አለው፣ ትንሽ ብትሆንም የራሱ ናት። የልጅቷ አጎት የጠየቁት ግን «ልጁ ምን ይነዳል?» ነበር። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው «መንጃ ፈቃድ አለው» አሉ። ሳቄን በነጠላ አፈንኩት።

እሺ፣ ፍርድ አላጣምም። ሰው መኪና የሚገዛው አብዶ አይደለም። የቢሮዬ ልጅ እንደ እኔ የ1997 ተመዝጋቢ ናት። ሐምሌ 2014 ዕጣ ወጣ ሲባል ስሟን አይታ እልል ብላ ቡና አጠጣችን። ከዚያ መረጃው ተነካክቷል ተባለና ዕጣው ተሰረዘ። በድጋሚ ሲወጣ ስሟ የለም። ምን አደረገች? የቆጠበችውን አወጣችና ከዘመድ ተበድራ ቪትዝ ገዛች። ሁላችንም ምክር አዘነብንባት። «መኪና ብረት ነው፣ ያረጃል» አልናት። በሌላ አገር ያረጅ ይሆናል። እዚህ የ2012ቱ ኤክሳይዝ ታክስ ነበረ፣ በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብሩ ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ተባለ። ቪትዟ ቆማ ዋጋዋ ሮጠ። ዛሬ ብትሸጣት ደላላው ጠዋት መጥቶ ከሰዓት ሊብሬው ይዛወራል። የእኔ ኮንዶሚኒየም ቁልፉን ከተረከብኩ በኋላ አምስት ዓመት መሸጥ አይቻልም ነበር። ቤት እየተባለ የማይሸጥ፣ የማልኖርበት፣ ከሥሩ ያለው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የሆነ። ታዲያ ማነው ብልጡ?

ቢሆንም! ቢሆንም የኔ ቢጤ አልባልም!

ደግሞ የሚያበግነኝ ግብሩ ነው። የእሱ መኪና ኤሌክትሪክ ነው ተብሎ አገር ሲገባ ቫት ተነስቶለታል፣ ኤክሳይዝ ተነስቶለታል፣ ሱር ታክስ ተነስቶለታል። አየር ይጠብቃል አሉ፣ ይጠብቅ። የእኔ ቤትስ? የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ ተሻሽሎ መጣ፣ ማለትም ጨመረ። በላዩ የኪራይ ገቢ ግብር አለ። ሳይከፈለኝ እከፍላለሁ። አራተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች ቧንቧ ፈንድቶ ኮርኒሴ ረጥቧል፣ እሱም የእኔ ነው። ውሃ በመጣ ቀን ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ እሱ በጎማ መኪናውን ያጥባል አሉኝ። ይህን የነገሩኝ ሊቀመንበሩ ናቸው። ወዲያው ደግሞ «ግን ሰውዬው ትልቅ ሰው ነው፣ እኛ ደፍረን መናገር ይከብደናል፣ እርስዎ ይንገሩት» አሉ። በምን አወቁ ትልቅ ሰው መሆኑን? በኪራዩማ አይደለም።

ይኸው ይህን እየጻፍኩ ሊቀመንበሩ በድጋሚ ደወሉ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ወስኗል። መኪናው እንዲቆም ተፈቅዷል፣ ገመዱ ግን ይነሳል፣ ቻርጅ ማድረግ ካስፈለገ በሕጋዊ መንገድ መስመር ይዘርጋ። ማን ይዘርጋ ብላቸው «ያው የቤቱ ባለቤት» አሉኝ። የቤቱ ባለቤት መሆኔን በስንት ልፋት ዛሬ አንድ ሰው ላይ ሳሳምን ውዬ፣ ማታ ላይ ብሎኩ ሁሉ አመነልኝ!

እማዬ እዚህ አልጋዋ ላይ ሆና ትስቃለች። «ልጄ፣ ሁለት መቶ ብሩን በደንብ አይተሽዋል፣ ፎርጅድ እንዳይሆን» ትላለች።

ከሦስተኛ ፎቅ መሬት ድረስ መስመር የሚዘረጋ፣ ዋጋው የማይጎዳ ኤሌክትሪሻን የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። «አንቺም መኪና ግዢ» ብሎ ኮሜንት የሚጽፍ ካለ ደግሞ ዘመድም ቢሆን ብሎክ አደርጋለሁ።