ማስተካከያ፦ ስለ ጎልድ ካርድና ስለ ሰፊው ወንበር

ባለፈው ሳምንት ለቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተጓዦች በተሰራጨው መረጃ «የሼባ ማይልስ ጎልድ ካርድ ያለው ቢዝነስ ክላስ በነጻ ይቀመጣል» ተብሏል። ትክክል አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለዘወትር ተጓዦቹ የሚሰጠው ይህ ካርድ ላውንጅ (በአየር ማረፊያው ያለ ልዩ የመቆያ ክፍል) ያስገባል፣ ተጨማሪ ሻንጣ ያስፈቅዳል፣ ቀድሞ ያሳፍራል። ቢዝነስ ለመግባት ግን ማይል (በበረራ የሚጠራቀም ነጥብ) ወይም ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያውም ወንበር ከተገኘ ነው። ኢኮኖሚው (ተራው ክፍል) ሞልቶ አየር መንገዱ ራሱ ወደ ቢዝነስ ካዛወረዎት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ዕድል ነው።

እግር የሚያስዘረጋው የአደጋ ጊዜ መውጫ ወንበርም «ሕፃን ለያዙ እናቶች ይመቻል» ተብሎ ነበር። ጭራሽ አይፈቀድም! እዚያ የሚቀመጠው በጭንቅ ጊዜ በሩን መክፈት የሚችል ሰው ነው። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ የእጅ ቦርሳ እንኳ እግር ስር አይቀመጥም። የምግብ ጠረጴዛውም ብዙ ጊዜ ከክንድ መደገፊያው ውስጥ ስለሚወጣ፣ ወፈር ላለ ሰው ወንበሩ ጠበብ ይላል።