ቤዝ አለው?

ሐዋሳ ላይ ኢርፎን የሚገዛ ሰው ጥያቄው አንድ ነው። "ቤዝ አለው?" የሻጩም መልስ አንድ ነው። "ኧረ ቤዙ ሌላ ነው!" ከዚህ በኋላ የሚቀረው የዋጋ ክርክር ብቻ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው ወይ፣ ዘፋኙ ይሰማል ወይ፣ ማሲንቆው የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዘፈን ማለት ድም ድም ነው። ግጥሙን እንኳ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቲክቶክ ላይ አንብቦ ነው።

ፒያሳ አካባቢ ያሉት የሞባይል ዕቃ ሱቆች እያንዳንዳቸው የመሞከሪያ ዘፈን አላቸው። ዘፈኑ ይለያይ እንጂ ድለቃው ያው ነው። ልጁ ስልኩን ያወጣል። ድምፁን እስከ መጨረሻው ይለቀዋል። ኢርፎኑን በገዛ እጁ ደንበኛው ጆሮ ውስጥ ይወትፈዋል። ከዚያ ፊቱን ያያል። ደንበኛው ራሱን ነቅነቅ ካደረገ ዕቃው ተሽጧል። ካላደረገ ከፊተኛው የባሰ የሚደልቅ ይመጣለታል። ገመድ አልባውም፣ ባለ ገመዱም፣ ራስ ላይ የሚደፋው ትልቁ ሄድፎንም የሚፈተኑት በዚሁ ነው። በዚህ አያያዝ የሚወድቅ የለም።

እኔ አመሌ ሌላ ነው። ማዳመጫ በየሙዚቃው ዓይነት መፈተን አለበት ባይ ነኝ። አንዱ ሱቅ ገብቼ ልጁን "እስቲ በገና ክፈትልኝ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ ጾም ገባ እንዴ?"

ጾም አልገባም። ግን ለማዳመጫ ከበገና የከፋ ፈታኝ አላውቅም። በገና ዐሥር አውታር አለው። አውታሮቹ የሚሠሩት ከበግ አንጀት ነው። አውታሩ ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ ደረት ድረስ የሚዘልቀው ንዝረት የሚመጣው ከእሷ ነው። ስለዚህ በገና ውስጥ ሁለት ነገር አለ። ከታች ወፍራሙ ድምፅ፣ ከላይ ዝዝዝታው። ጥሩ ማዳመጫ ሁለቱንም ለየብቻ ያሰማል። ድለቃ ብቻ የለመደው ግን ዝዝዝታውን ይውጥና በገናውን የጎረቤት ጄኔሬተር ያደርገዋል።

ልጁ በገና ሲባል የተሳቀቀው በከንቱ አይደለም። ባለፈው ዓቢይ ጾም አንዲት እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡበት። "ልጄ፣ ትናንት የሸጥክልኝ ተበላሽቷል። ዝዝዝ ይላል።" ይቅርታ ጠይቆ ቀየረላቸው። እዚያው ቆመው ሰሙት። "ይሄም ዝዝዝ ይላል።" ስልኩን ሊያሠራ ወረፋ የያዘ አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገባ። "እናቴ፣ እሱ እኮ በገናው ነው።" ሴትየዋ ተቆጡ። "በገና መሆኑንማ መች አጣሁት! የድሮው ኢርፎኔ ግን እንዲህ አይልም ነበር።" ልጁ ነገሩ ገባው። ከመደርደሪያው ላይ ቤዙ ግድግዳ የሚያነቃንቀውን አወረደላቸው። ሰሙ። ዝዝዝ የለም። መርቀውት ሄዱ።

ታሪኩን ሲጨርስልኝ "ታዲያ ለእኔ ቤዙ የተመጠነ አይኖርህም?" አልኩት።

"አለኝ ጋሼ። ግን ተበላሽቷል ብለን ነው ያስቀመጥነው።"

ነገሩ ቀላል ነው። ጤነኛ የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ድምፁ ይወፍራል፣ ከፍ ሲል ይቀጥናል። ዕድሜ ሲገፋ ከላይ በኩል እየተሸረፈ ይሄዳል። የሰው ድምፅ፣ ክራሩ፣ ማሲንቆው በአብዛኛው የሰፈሩት መሃል ላይ ነው። ታች ያለው ወፍራም ድምፅ ሲበረታ ከበላዩ ያለውን ይሸፍናል። ይሄ የሰፈር ወሬ አይደለም፣ የጆሮ አፈጣጠር ነው። ቤዝ በጨመርን ቁጥር ዘፋኙን እየገፋን ወደ ጓዳ እናስገባዋለን።

ጥላሁን ገሠሠን ስሙበትና ፍረዱ። ያንን ድምፅ! ቤዝ በተጫነው ሄድፎን ጥላሁን አጃቢ ይሆናል፤ ቤዝ ጊታሩ ዘፋኝ ይሆናል። ያኔ ሲቀዳ እንዲህ ይሁን ያለ ሰው የለም። እንዲህ ይሁን ያለው ሄድፎኑ ነው። የሚያስቀው ደግሞ ድሮ ከስልክ ካርቶን ውስጥ በነፃ ይወጣ የነበረው ደረቅ ፕላስቲክ ባለ ገመድ ኢርፎን ጥላሁንን በወጉ ማሰማቱ ነው። ምክንያት አለው። ጆሮን አይደፍንም። ጆሮ ካልተደፈነ ቤዙ ያመልጣል፣ መሃሉ ይቀራል። ትዝታም በሉት ባቲ፣ አምባሰልም በሉት አንቺ ሆዬ፣ በሱ ሲሰማ ማሲንቆው ፀጉሩ ከጭራ መሆኑ ይታወቃል። አንድ ችግር ብቻ አለበት። በየቤቱ ያለው ሁሉ አንድ ጎኑ ሞቷል። ገመዱን በጣት ጠምዝዞ፣ በተወሰነ ማዕዘን ይዞ፣ ትንፋሽን ዋጥ አድርጎ መስማት ያስፈልጋል። ጎረቤታችን እትዬ ግን ይሄን እንደ ጉድለት አይቆጥሩትም። "አንዱ ጆሮ ለዘፈን፣ አንዱ ጆሮ ለበር" ይላሉ። ቡና ጠጡ ተብሎ ሲጠራ ከሰፈሩ ቀድሞ የሚሰማው እሳቸው ናቸው።

ጉራጊኛ ላይ ሌላ ፈተና አለ። ምቱ ፈጣን ነው፣ ጭብጨባው ስል ነው። የሚንዛዛ ቤዝ ያለው ማዳመጫ አንደኛውን ምት ሳይጨርስ ሦስተኛው ይደርስበታል። ጭብጨባው ይደፈጠጣል። ግን እውነቱን ለመናገር ጉራጊኛን በገመድ አልባ ኢርፎን የሚፈትን ሰው የድምፁን ጥራት ለማወቅ ጊዜ አያገኝም። ትከሻው ገና ሲጀምር አንደኛው ፍሬ ከጆሮው ዘሎ ወጥቷል። ፍለጋው ሶፋ ሥር ይቀጥላል። እኔ የማውቀው አንድ ወጣት ግራዋን ሠርግ ላይ ጥሎ አሁንም በቀኟ ብቻ ይኖራል። ሠርግ ላይ ለምን ኢርፎን አደረገ እንዳትሉኝ። ድንኳኑ ውስጥ ካለው ስፒከር ጆሮውን ሊከላከል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሰማ ከ80 ዴሲቤል አይለፍ ይላል። የእኛ ሠርግ ድንኳን የሳምንቱን ድርሻ ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል።

ለቤዝ ወዳጆች ፍርድ አላጓድልም። ሬጌ ላይ ጥያቄያቸው ልክ ነው። ሬጌ ውስጥ ቤዝ ጊታሩ አጃቢ አይደለም፤ ዜማውን ተሸክሞ የሚሄደው እሱ ነው። የስልክ ካርቶኑ ኢርፎን እዚህ ላይ ያሳፍራል። ጊታሩ ጫ ጫ ሲል ይሰማል፣ ሌላው የለም። ሻሸመኔ ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት። ሬጌ በነፋስ የሚደርስበት ከተማ እየኖሩ ቤዝ አያስፈልግም ማለት ጎረቤት መስደብ ነው።

ኢትዮ ጃዝ ላይ ብዙ አልቆይም። የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን፣ ያ በመዶሻ የሚመታው የብረት መሣሪያ፣ ከተመታ በኋላ ያለው ጭራው ነው ቁም ነገሩ። ቀስ እያለ የሚሟሽሸው። ርካሽ ገመድ አልባው ጭራውን ይቆርጠዋል ወይም ብረት ብረት ያሰኘዋል። በነገራችን ላይ ከተማችን ውስጥ ኢትዮ ጃዝ በሄድፎን የሚሰማ ሰው ሁልጊዜ ካፌ በረንዳ ላይ ነው የሚገኘው። ምን እየሰማህ ነው ተብሎ ካልተጠየቀ የሰማው አይመስለውም።

ፈተናውን ሁሉም የወደቀበት ግን የእዚሁ የአገሩ ሙዚቃ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ሲደርስ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሂዱ። ቄጣላው፣ የሕዝቡ የጋራ ዘፈንና ጭፈራ፣ ሲጀመር ድምፁ ከፊት ይመጣል፣ ከኋላ ይመጣል፣ ከመሬቱ ይመጣል። ይሄ በዓል በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ያንን ስልክ ላይ ቀድቶ ማታ በኢርፎን የሰማ ሰው የሚያገኘው ንፋስና "አንዴ ዞር በል፣ አትጋርደኝ" የሚል ድምፅ ነው። እዚህ ላይ በዋጋ ውዱም ርካሹም እኩል ናቸው። ሕዝብ ጆሮ ውስጥ አይገባም።

ከዚህ ወዲያ ነገሩ ከድምፅ ጥራት ወጥቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። እኛ አገር ሙዚቃ የብቻ ሆኖ አያውቅም። ሶኒ ዋክማንን ገበያ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ሁለት የማዳመጫ መሰኪያ ነበረው። ብርቱካናማ ቁልፍም ነበረው። ሲጫኑት ዘፈኑ ዝቅ ይልና ሁለቱ ሰዎች ማዳመጫቸውን ሳያወልቁ በማይክሮፎን ያወራሉ። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ አኪዮ ሞሪታ ሰው ብቻውን ሙዚቃ ሲሰማ ነውር ይሆናል ብሎ ሠግቶ ነበር። ይሄ ሰውዬ ጃፓን ተወለደ እንጂ አስተዳደጉ የእኛ ሰፈር ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ማለቱ እኮ ነው። በኋላ ቁልፉም ቀረ፣ ሁለተኛው መሰኪያም ቀረ። ዓለም ብቻዋን መስማት መረጠች።

ሐዋሳ ግን አልተቀበለችም። ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ብትወርዱ ጥንዶች አንድ ኢርፎን ለሁለት ተካፍለው ታያላችሁ። ግራው ለሷ፣ ቀኙ ለሱ። ደስ ይላል። ችግሩ ስቴሪዮ ሲቀዳ አንዳንዱ መሣሪያ ወደ ግራ፣ አንዳንዱ ወደ ቀኝ መመደቡ ነው። ስለዚህ አንድ ዘፈን እየሰሙ ሁለት ዘፈን ይሰማሉ።

"ሳክስፎኑ ሲያለቅስ ሰማሽው?"

"የምን ሳክስፎን? ክራር ነው እንጂ።"

"አንቺ ደግሞ ማዳመጥ አትወጂም።"

ከዚያ ወዲያ ኩርፊያ ነው። የስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ግራና ቀኙን የሚደባልቅ ሞኖ የሚባል ምርጫ አለ። ለትዳር አማካሪዎች በነፃ የሰጠሁት ሐሳብ ነው።

አሁን ደግሞ ጫጫታ የሚያጠፋው መጥቷል። ውድ ነው፤ ከመጣም የሚመጣው ከውጭ አገር ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው። አሠራሩ ብልሃት አለው። ማይክሮፎኑ የውጪውን ጫጫታ ይሰማል፣ የሱን ግልባጭ ሞገድ ይሠራል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ሐሳቡ አማር ቦዝ ለሚባል ሰው የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1978 አውሮፕላን ውስጥ ነው። የሞተሩ ጉምጉምታ ሙዚቃ አላሰማ ብሎት። እንግዲህ ይሄ ነገር የሚጎብዘው እንደ ሞተር ባለ ወፍራምና ሳይቋረጥ በሚያጓራ ድምፅ ላይ ነው። የሰው ወሬ ላይ ይደክማል።

ይህን የሚያውቅ ሰው ባጃጅ ውስጥ ምን እንደሚሆን ቀድሞ ይገምታል። ከፒያሳ ወደ አቶቴ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ የዘመዴን አጥልቄ ተቀመጥኩ። ዘፈን አልከፈትኩም፣ መጀመሪያ ባዶውን ልየው ብዬ። ቁልፉን ስጫን ሞተሩ ጠፋ። ድብን አለ። በቦታው ከጎኔ ያሉት ሁለት ሴቶች መጡ። ያለ ሄድፎኑ ባጃጅ ውስጥ ከሁለት ቃል አንዱ ብቻ ነው የሚያዘው። አሁን ግን እያንዳንዱ ቃል ጥርት፣ እያንዳንዱ "ውይ" ከነትንፋሹ። በገናም፣ ጥላሁንም፣ ቫይብራፎኑም በዚህ ጥራት አልተሰሙኝም።

ወሬው ሽማግሌ ልኮ ስለጠፋ ልጅ ነው። ቀለበት ታስሯል። የአዳራሽ ቀብድ ተከፍሏል። ሚዜዎቹ ልብስ አሰፍተዋል። ልጁ ስልኩን ዘግቷል።

ሰፈሬ ደረስን። ወራጅ አላልኩም። አዲስ አበባ ታየ የተባለው እሱ ይሁን ወንድሙ ገና አልታወቀማ። እኔ ራሴን በዘፈን እንደተያዘ ሰው ነቅነቅ እያደረግኩ በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ። ባጃጁ መታጠፊያውን አለፈ። አንደኛዋ ድምጿን ከፍ አደረገች።

"መቼም ቀብዱን መክፈል ያለበት የልጁ ወገን ነው። አይደለም እንዴ ወንድሜ?"

"ነው እንጂ!" አልኳት።