ማግኔት ሥራ አይሠራም፣ አጎቴም

«የመግነጢስ ኃይል ሥራ አይሠራም» ሲባል ደብረ ብርሃን ክፍል ውስጥ፣ ጋቢ በሚያስደርብ ብርድ ሰማሁና አላመንኩም።

«ሥራ ማለት ኃይል ሲባዛ በርቀት፣ ሲባዛ በመካከላቸው ባለው ማዕዘን ኮሳይን ነው። የመግነጢስ ኃይል ደግሞ ምንጊዜም ለፍጥነቱ 90 ዲግሪ ነው፤ ኮሳይን 90 ስንት ነው?» አሉ መምህራችን።

«ዜሮ!» አልን ባንድ አፍ። ዜሮ እንደሆነ ከየፈተና ወረቀታችን የምናውቀው ቁጥር ነው።

ነገሩ የገባኝ ኅዳር ላይ፣ መንዝ አያቴ ዘንድ ለገብስ አጨዳ ደቦ ስወጣ ነው። አጎቴ በርኖሱን ደርቦ፣ ከዘራውን ተደግፎ ከማሳው ዳር ቆሟል። አንድ ነዶ አያነሳም። «አንተ ወዲህ ዙር! እናንተ በታች በኩል እጠፉ!» ይላል፤ አጫጁም ይዞራል። ፍጥነቱ አይጨምር፣ አይቀንስ፤ የሚለወጠው አቅጣጫው ብቻ። መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ በጎን የገባ ኤሌክትሮንም እንዲሁ ነው፦ ክብ እየሠራ ይዞራል እንጂ ከመስኩ አንዲት ጁል (የጉልበት መለኪያ) አያገኝም።

አጎቴን ግን አልበድለውም። እሱ ባይኖር ቀጥ ብለን የጎረቤት ማሳ ውስጥ እንገባ ነበር። መንዝ ላይ የሰው ርስት መርገጥ ደግሞ ፊዚክስ አስትቶ ሕግ ያስጠናል።

ታዲያ ጉልበቱ ከየት መጣ? ከጓዳ። ጠላውን የጠመቀች፣ እንጀራውን የጋገረች አያቴ ናት። ማታ ምርቃቱ ሲወርድ ግን «እሱ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!» ተባለ፣ ለአጎቴ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ብረት ሲያነሳም ያው ነው፤ የሚጨበጨበው ለማግኔቱ፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ባትሪው። ባትሪያችን በዚያ ሰዓት ወጥ ታማስል ነበር።

የመግነጢስ ኃይልን አቅጣጫ በቀኝ እጅ ጣቶች የሚያሳየውን የቀኝ እጅ ሕግ በአጭሩ ልለፈው፤ ቁስሉ አልሻረም። በፈተና ቀን ክፍሉ ሙሉ አውራ ጣቱን ወደ ጣራ፣ ወደ ወለል፣ ወደ ጎረቤቱ ሲያዞር ፈታኙ «ምልክት መለዋወጥ አቁሙ!» ብለው ጮኹ። እኔ ቀኝ እጄ እስክሪብቶ ስለያዘ በግራዬ ሠራሁት። መልሶቼ ሁሉ ትክክል ነበሩ፤ አቅጣጫቸው ብቻ ተገለበጠ።

ወደ ኢንዳክሽን፣ ማለትም በሚለወጥ መግነጢሳዊ መስክ ኤሌክትሪክ ወደ ማመንጨት፣ ስንመጣ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል። በፈረንጆቹ 1820 የዴንማርኩ ሳይንቲስት ኦርስቴድ ኤሌክትሪክ የኮምፓስ መርፌ እንደሚያነቃንቅ አየ። እንግሊዛዊው ፋራዴይ ደግሞ ነገሩን ገልብጦ «ማግኔትስ ኤሌክትሪክ አይሰጥም?» ሲል ቆይቶ በ1831 መልሱን አገኘ። መምህራችን ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ወደ ሽቦ ጥቅልል ሲያስገቡ ከሽቦው ጋር የተያያዘችው የኤሌክትሪክ ጅረት መለኪያ መርፌ ወደ ቀኝ ዘለለች። ማግኔቱ ውስጥ ተቀመጠ፤ መርፌዋ ዜሮ ላይ ተኛች። ሲያወጡት ወደ ግራ ዘለለች። ቁም ነገሩ የማግኔቱ መኖር አይደለም፤ የመስኩ መለወጥ ነው።

ሌንዝ የተባለ ሳይንቲስት በ1834 የጨመረው ሕግ፣ የሚመነጨው ጅረት ያመነጨውን ለውጥ ይቃወማል ይላል። ማግኔት ሲመጣ ይገፋዋል፤ ሲሄድ ይጎትተዋል። ይህን ስሰማ ሳቄ አመለጠኝና ከክፍል ተባረርኩ። ያቺ እኮ አያቴ ናት! ገና ከበሩ ስገባ «ምነው መጣህ? ትምህርቱን ተውከው እንዴ?» ብላ ትገፋኛለች። ሁለተኛው ቀን ላይ ጭራሽ አታየኝም፤ ቡናም ሦስተኛው ነው የሚደርሰኝ፣ ዜሮ ላይ ተኝታለች። ሦስተኛው ቀን ቦርሳዬን ሳነሳ ነው ጉዱ። «የት ልትሄድ? ማን አስከፋህ?» ብላ ቦርሳዬን ይዛ ትጎትታለች። ከእጇ ለማስለቀቅ የማወጣው ጉልበት ነው እንግዲህ ጄኔሬተር የሚያዞር ሰው ያለበት ዕዳ፤ የምትሰጠኝ በሶና ቆሎ ደግሞ የሚመነጨው ጅረት ይመስለኛል።

አንድ ቀን መኪና ሊያመልጠኝ ሲል ሁሉንም አስረዳኋት።

«እማማ፣ ይሄ የያዝሽው ነገር የሌንዝ ሕግ ይባላል።»

«የማን ልጅ ነው?»

«ፈረንጅ ነው፤ ሩሲያ የኖረ።»

«አለ?»

«በ1865 ሞቷል።»

«ውይ! ነፍስ ይማር» አለችና ቦርሳዬን ወደ ጓዳ ይዛ ገባች። «በል ቁጭ በል፤ በሰው ሞት ላይ መንገድ አይወጣም። ነገ ትሄዳለህ።»