«ይወልቃል» ያልነው ጥርስ

ከስዊድን ጅማ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው። ወሩ ሐምሌ ስለሆነ ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። 8 ዓመት የሆናት የእህቴ ልጅ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ቁርስ አልበላም አለች። ጠጋ ብዬ ሳያት በቀኝ በኩል ፊቷ አብጧል። ሌሊቱን ስታቃስት እንዳደረች የሰማሁት ያኔ ነው።

«ጥርሷ ነው ጋሼ፣ አትደንግጥ» አለችኝ እህቴ። «የወተት ጥርስ እኮ ነው። ይወልቃል።»

ጎረቤት ቅርንፉድ ይዛ መጣች። እናቴ ነጭ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ባለፈው ዓመትም ሁለት ጊዜ እንዲሁ አብጦባት ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ተገዝቶላት እንደነበር ተነገረኝ። እብጠቱ ይጎድላል፣ ሕመሙም ይተዋታል፣ ከዚያ ሁሉም ይረሳዋል። ጥርሱ ግን ውስጥ ውስጡን መበስበሱን አላቆመም።

ከጅሬን በባጃጅ ወርደን አንድ የጥርስ ክሊኒክ ገባን። ወጣቷ ሐኪም ትንሿን መስታወት ልጅቷ አፍ ውስጥ አስገብታ ጠራችኝ። «ከመሃል የፊት ጥርስ ጀምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩልኝ» አለችኝ። ቆጠርኩ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ «እሱ ነው» አለች። መሃሉ ጠቁሮ ጎድጉዷል፣ ግማሹ ተሸርፏል። «ይሄ የወተት አይደለም። በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅለው ቋሚ መንጋጋ ነው። ምትክ የለውም።»

እህቴ ሐኪሟን አየች፣ እኔን አየች። ፊቷ ደም ሲለብስ አየሁ። እንዴት ትወቅሷታላችሁ? ይህ ጥርስ ሲመጣ የሚወልቅለት ጥርስ የለም። ከወተቶቹ ኋላ፣ ባዶ ድድ ላይ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይበቅላል። ማንም አያየውም። የወተት ጥርሶቹ ገና በቦታቸው ስላሉ ከእነሱ ይቆጠራል። እኔ ራሴ ልጆቼን ስዊድን ባላሳድግ ኖሮ ከየት አውቀው ነበር?

ተነቀለ። ከዚያ ውጪ ምርጫ አልነበረም። 12 ዓመት ሲሆናት ከኋላ የሚበቅለው መንጋጋ ወደፊት ጠጋ ብሎ ክፍተቱን ሊያጠብ ይችል ይሆናል ብላ ሐኪሟ አጽናናችን። ልጅቷ ጥርሷን በፋሻ ጠቅልላ ቤት ድረስ በእጇ ጨብጣ ያዘች። ግቢ ስንገባ ሮጣ ወደ ጣራ ወረወረችው። ቆርቆሮው ላይ ኳ ብሎ፣ ተንከባሎ ቀረ። ከዚያ ዞር ብላ «አዲሱ መቼ ነው የሚመጣልኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ስቶክሆልም ልጆቼ ትንንሽ እያሉ የቀጠሮ ደብዳቤ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር። ምንም ሳያማቸው! ሐኪሟ መጀመሪያ የምታየው ያ ስድስተኛ ጥርስ በቅሎ እንደሆነ ነው። ማኘኪያው ላይ ያለው የተፈጥሮ ስርጉድ ጥልቅ ከሆነ ምግብ እንዳይሰነቀርበት በስስ ነገር ትሸፍነዋለች። እዚያ አሁን ልጅ እስከ 19 ዓመቱ ለጥርሱ አይከፍልም። አዋቂ ሲሆን ደግሞ ክፍያው ወገብ ይቆርጣል። ስለዚህ አዋቂውም ሳይብስበት ቶሎ ይታያል።

እኛ ዘንድ ጥርስ ሐኪም ጋ የሚኬደው ለማስነቀል ብቻ ነው። ሐኪም የለም እንዳልል፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪም ያሠለጥናል። እህቴ ግን በሕይወቷ አንድም ጊዜ ሳያማት ጥርሷን ታይታ አታውቅም። ታላቅ ወንድሜ ድዱ በነካው ቁጥር ይደማል። «ክሊኒክ ሄደህ ታጠበው እንጂ» ስለው «ጥርስ ሲታጠብ ይነቃነቃል» አለኝ። ጥርሱን የሚያነቃንቀው ማጠቡ መስሎታል። ከጥርሱ ሥር እንደ ድንጋይ የደነደነው ቆሻሻ ነው ድዱን እያቆሰለ አጥንቱን የሚያስበላው። ያ ቆሻሻ ክሊኒክ ሲነሳ ቀድሞ የላላው ጥርስ ይገለጣል እንጂ በማጠብ የሚላላ ጥርስ የለም። ደግሞ ስለሚደማ በዚያ በኩል መፋቁን ትቶታል። መፋቅ የነበረበት ግን እዚያው ነው፣ ቀስ ብሎ፣ በለስላሳ ብሩሽ።

ስዊድኖችም ይህን አውቀው አልተወለዱም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1940ዎቹ ሉንድ ከተማ አጠገብ፣ ቪፔሆልም በሚባል ተቋም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ሳያስፈቅዱ የሚያጣብቅ ከረሜላ እያበሏቸው ጥርሳቸው ሲበሰብስ መዘገቡ። ግፍ ነው። ከዚያ ግፍ የተገኘው እውቀት ግን ዛሬ በየቤቱ ገብቷል፤ ጥርስን ይበልጥ የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ሳይሆን መደጋገሙ ነው። የቅዳሜ ከረሜላ የሚሉት ልማድ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ልጁ ሳምንቱን ይታገሣል፣ ቅዳሜ ይበላል፣ ያበቃል።

አሁን የእኛን ቤት ቡና ልብ ብዬ አየሁት። አቦል ሁለት ማንኪያ ስኳር። ቶና ሁለት ማንኪያ። በረካም እንዲሁ። ልጆቹ ከጎን ሻይ በስኳር ይዘው ይቀመጣሉ። በየመሃሉ አንዷ ሱቅ ትላክና ከረሜላ ይመጣል። ጫት የሚቅመው ደግሞ ከሰዓቱን ሙሉ ኮካውን እየተጎነጨ ነው። ስኳር አፍ በገባ ቁጥር ጥርስ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች አሲድ ይሠራሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጥርሱን ይበላዋል። ከዚያ ምራቅ ቀስ ብሎ ይጠግነዋል። እኛ ግን ምራቁ ሥራውን ሳይጨርስ ሌላ ስኒ እናቀርባለን። ቡና ተዉ የሚል ሰው ጅማ ውስጥ አንገቱን አያቀና፣ እኔም አልልም። ስኳሩ አቦል ላይ ይብቃ፣ የልጆቹ ጣፋጭ ከምግብ ጋር ይሁን፣ ከዚያ ውሃ ይጠጣበት ነው የምለው።

የሚቆጨኝ ሌላም አለ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእራት በኋላ ደጃፍ ቁጭ ብሎ በወይራ መፋቂያ ጥርሱን ይፍቅ ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከሶላት በፊት ሲዋካቸውን ያወጡ ነበር። መፋቂያው በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው፣ ጥርስ የሚያጠነክረው ፍሎራይድ የለውም፣ ግን ማታ ማታ ጥርስ ይጸዳ ነበር። አሁን ብሩሽና ኮልጌት ቤቱ ውስጥ አለ፣ ማታ ግን የሚነካው የለም። ጠዋት ከቁርስ በፊት ቸኩሎ ሽው ሽው አድርጎ መውጣት ብቻ ነው። ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል፣ ስለዚህ የማታው ይበልጣል። ልጆቹን ጠየቅኳቸው፤ ሁሉም አረፋውን በውሃ ደጋግመው ያጥባሉ። መትፋት ብቻ ይበቃል፣ ፍሎራይዱ እዚያው ይቆይ።

ለእህቴ አንድ ምሽት ሁሉንም አሳየኋት። ልጅ ራሱ ቦረሽኩ ብሎ የሚደርሰው የፊቱ ላይ ነው፣ የኋላው አይነካም። ስዊድን ወላጅ ቢያንስ እስከ 10 ዓመት በገዛ እጁ ያጸዳለታል። እሷ «8 ዓመት ሞልቷት እኔ ልፍቅላት?» ብላ ተገርማ ነበር። አሁን ታጸዳላታለች። ሁለት ደቂቃ፣ ማታ፣ ከኋላ ጀምሮ።

ትንሹ ወንድሟ በኅዳር 6 ዓመት ይሞላዋል። ከመመለሴ በፊት በስልኬ መብራት አፉን አየሁት። በግራ በታች፣ ከመጨረሻው የወተት ጥርስ ኋላ፣ ድዱ ነጣ ብሎ አበጥ ብሏል። እህቴን ጠርቼ ጣቷን አስነካኋት። «ይሄ ነው?» አለች። አዎ፣ ይሄ ነው። አሁን በቪዲዮ ስደውል ሰላምታ ሳንጨርስ አፉን ከፍቶ ስልኩ ላይ ይጠጋል። ባለፈው እሁድ ጫፉ ወጥቷል።