የነዳጅ መሐንዲስ ለመሆን የሚመኝ የአዳማ ተማሪ ከእንፋሎት ይጀምር

ኦጋዴን ያለው የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ዲፓርትመንት የሚመርጥ ተማሪ «ፔትሮሊየም ልግባ ወይ?» ማለቱ አይገርምም። እኔ ግን ከዲግሪው ስም ይልቅ ቁፋሮ ማወቅ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሲቆፈር ወደ ጉድጓዱ የሚገባውንና በክብደቱ ከዓለቱ የሚመጣውን ጋዝ የሚያግደውን የቁፋሮ ጭቃ እንይ። በሊትር 1.2 ኪሎ የሚመዝን ጭቃ 2500 ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 2500 × 1.2 × 0.0981 ሲሰላ 294 ባር ገደማ ነው። ዓለቱ ውስጥ ያለው ጋዝ 300 ባር ከሆነ ጭቃውን ገፍቶ ይገባል። ምልክቱ ገንዳው ውስጥ ያለው ጭቃ ማንም ሳይጨምርበት መብዛቱ፣ ፓምፕ ቆሞም ጉድጓዱ መፍሰሱ ነው። ጭቃውን ወደ 1.25 ማክበድ ግፊቱን 307 ባር ገደማ ያደርሰዋል። ከልክ በላይ ከከበደ ግን ዓለቱ ይሰነጠቃል፣ ጭቃው ወደ ስንጥቁ ይሰርጋል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ከፍታ ሲጎድል ግፊቱም ይወርድና የተፈራው ጋዝ ተመልሶ ይመጣል።

ይህን ለመልመድ የግድ ኦጋዴን መውረድ አያስፈልግም። ከምድር ውስጥ ለኤሌክትሪክ የሚሆን እንፋሎት ለማውጣት የሚቆፈርበት ቱሉ ሞዬ እዚሁ አርሲ ነው፤ ሌላው የእንፋሎት ቦታ አሉቶ ላንጋኖም በባቱ በኩል ነው። ሪጉም (መቆፈሪያው ማሽን) ኬዚንጉም (ጉድጓዱ እንዳይደረመስ የሚገባውና ዙሪያው በሲሚንቶ የሚሞላው የብረት ቱቦ) ከነዳጅ ቁፋሮ የመጣ ነው። እንዲያውም አሉቶ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚሞቅ የሲሚንቶው ሥራ ከነዳጅ ጉድጓድ ይልቅ ይከብዳል፦ ተራው ሲሚንቶ ከ110 ዲግሪ ካለፈ ጥንካሬውን እያጣ ስለሚሄድ ከክብደቱ ከ35 እስከ 40 በመቶ የሲሊካ ዱቄት ይጨመርበታል። በሁለት ኬዚንጎች መካከል ሲሚንቶ ያልደረሰበት ውኃ ታምቆ ከቀረ ደግሞ፣ ጉድጓዱ ሲሞቅ ውኃው መስፋፊያ ያጣና የውስጡን ቱቦ ይጨፈልቀዋል። ያ ሁሉ ወጪ የወጣበት ጉድጓድ በጥቂት ባልዲ ውኃ ይበላሻል።

ስለዚህ ሜካኒካል፣ ኬሚካል ወይም ጂኦሎጂ ተምሮ ወደ ቁፋሮ መግባት ይሻላል። የነዳጅ ሥራ በዋጋ ይናወጣል፤ የዓለም ገበያ መለኪያ የሆነው የብሬንት ድፍድፍ ነዳጅ በርሜሉ እ.ኤ.አ. በ2014 አጋማሽ ከ110 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወረደ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ሜካኒካል የተማረ ወንጂ ስኳር ፋብሪካም ሲሚንቶ ፋብሪካም ያመለክታል፤ ፔትሮሊየም ብቻ የተማረው ግን አማራጩ ይጠበዋል።

የጉድጓድ ግፊት ቁጥጥር ሰርተፊኬትን በተመለከተ፣ ሥራ ሳይያዝ በኪስ ገንዘብ መውሰድ አይመከርም። የአይ ደብሊው ሲ ኤፍ (የጉድጓድ ግፊት ቁጥጥር ዓለም አቀፍ ተቋም) ሰርተፊኬት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ብዙ ቀጣሪዎችም ሪግ ላይ ለሚያሠማሩት ሠራተኛ ራሳቸው ይከፍላሉ።