«ስትሬች ስላላደረግሽ ነው» አትበሉኝ

ማክሰኞ ጠዋት ሜክሲኮ ላይ ከታክሲ መውረድ አቃተኝ። «ወራጅ አለ» ካልኩ በኋላ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ጭኔ እንጨት ሆኗል። ረዳቱ «ቶሎ በይ እህቴ» ይላል፤ እኔ የበሩን ብረት ይዤ አንዱን እግሬን አወረድኩ፣ ሌላውን በእጄ ደግፌ አስከተልኩ። ቢሮ ስገባ ያየኝ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ስፖርት ሠርተሽ ስትሬች ሳታደርጊ ቀርተሽ ነው።»

አድርጌያለሁ! እሁድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃውን አንድ ሰዓት ወጣሁ፣ ወረድኩ። ስጨርስ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ባቴንም ጭኔንም ሳሳሳብ ነበር። ይኸው ማክሰኞ መሬት መርገጥ አቃተኝ። ይህን ስናገር ደግሞ «እንግዲያው በደንብ አላደረግሽውም» ይሉኛል። ምን ብል ነው የምታምኑኝ?

አምና ስታዲየም አካባቢ አንድ ጂም እመላለስ ነበር። ሰውነቴ እንደታሰረ ስነግረው አሰልጣኙ «ላክቲክ አሲዱ» (ጡንቻ ጠንክሮ ሲሠራ የሚፈጠረውን ማለቱ ነው) «አልወጣም» አለና በጀርባዬ አስተኝቶ እግሬን ወደ ፊቴ ገፋው። «አመመኝ» አልኩት። «ቻይው፣ እየለቀቀሽ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ በተቀመጥኩ ቁጥር የጭኔ ጀርባ ይወጋኝ ነበር። ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍዬ ነበር። ከገንዘቡ በላይ ግን የሚያንገበግበኝ ጥፋቱ የእኔ መባሉ ነው፤ «ሰነፍ ስለሆንሽ ነው የደረቅሽው» ነው ያለኝ።

ላክቲክ አሲድ እኮ ስፖርቱ ካለቀ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ጊዜ ውስጥ ከጡንቻ ይወጣል። ይህ ሕመም ደግሞ የሚጀምረው በማግስቱ ነው፤ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይከፋል። እሁድ ጠዋት የወጣ አሲድ ማክሰኞ እንዴት አድርጎ ያመኛል? ሕመሙ የሚመጣው ጡንቻው ባልለመደው ሥራ ጥቃቅን ጉዳት ስለሚደርስበት ነው። በተለይ ቁልቁል ስንወርድ፣ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ይሸከማል። ሽቅቡ ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ ጭኔን ያሰረው ቁልቁሉ ነው። ታዲያ ተለጥጦ የተጎዳን ጡንቻ መልሶ በግድ መለጠጥ ምኑን ይጠግነዋል?

ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. 12 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። ከስፖርት በኋላ ስትሬች ማድረግ በማግስቱ ያለውን ሕመም የቀነሰው ከ100 ነጥብ በአማካይ 1 ነጥብ ገደማ ነው። ከ2,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ትልቁ ጥናት፣ ከስፖርት በፊትም በኋላም ስትሬች ያደረጉት ሰዎች የቀነሰላቸው 4 ነጥብ ያህል ነው። ለዚህች ነው ሰው በየቀኑ የሚወቀሰው?

ስትሬች አታድርጉ እያልኩ አይደለም። ሰውነት እንዲተጣጠፍ ይረዳል፣ ደስም ይላል፤ እኔም አልተውኩትም። ግን መድኃኒት ነው ብላችሁ አትሽጡልኝ። የሚሽረው ጊዜ ነው። እንቅልፍ ነው። በደንብ መብላት ነው። ቀስ ብሎ ወክ ማድረግም ለጊዜው ያላውሳል። ደግሞ ያንኑ ስፖርት ከሳምንት በኋላ ብትደግሙት ሕመሙ በጣም ይቀንሳል፣ ጡንቻ ይለምዳላ! በትንሹ ጀምሪ ብሎ የነገረኝ አሰልጣኝ ግን አንድም የለም። (ሽንታችሁ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ ከልክ ካለፈ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ያ ሌላ ነገር ነው።)

ታላቁ ሩጫ ሲመጣም ያው ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ 10 ኪሎ ሜትሩ በተሮጠ ቁጥር፣ ሰኞ ግማሹ መሥሪያ ቤት ሲያነክስ ይውላል። ወሩን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳይሮጥ ለመጣ ሰው የሚነገረው ግን «ስትሬች አላደረግህም» ነው።

ትናንት ጠዋት አደባባዩ ላይ አንዲት ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንባ አቅርራ አየሁ። ከትናንት ወዲያ ነበር የጀመረችው። አሰልጣኟ ቆሞ «ተሳሳቢ፣ በርቺ፣ ተሳሳቢ» ይላታል። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ተይው፤ ነገ ትንሽ ሊብስብሽ ይችላል፣ ከዚያ በራሱ ይለቅሻል» አልኳት።

«የእኔ ጥፋት አይደለም?» አለችኝ።

አይደለም አልኳት።