እርማት፦ «ደም ከደረቀ እስር ይቀራል» ስለሚባለው

«አባጋሮች (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች)፣ ራያ ቆቦ ላይ ደግሞ ዘወልዶች የሚባሉት አስታራቂዎች የገዳይንና የሟችን ወገን አስታርቀው ደሙን ካደረቁ መዝገቡ ይዘጋል» የተባለው ትክክል አይደለም። በዕርቅ የሚዘጋው በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ጥፋት ነው፤ እንደ ስድብና ቀላል የአካል ጉዳት ያለው። ነፍስ ግድያ እዚህ ውስጥ አይገባም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ የሟች ቤተሰብ ይቅር ቢልም ከሳሹ መንግሥት ነው።

ዕርቁ ግን ከንቱ አይደለም። አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትንና የተጎዳን መካስን ከቅጣት ማቅለያዎች ይቆጥራል። የሚበላሸው ሽማግሌ በቃል ጨርሶ ሲበተንና ዳኛው የሚያየው ነገር ሲያጣ ነው። ቀኑ፣ የካሳው ልክ፣ የተከፈለውና የቀረው፣ የሁለቱም ወገንና የሽማግሌዎቹ ፊርማ ያለበት ወረቀት ይዘጋጅ። የሚቀርበው ተከሳሹ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ፣ የቅጣት አስተያየት ሲጠየቅ ነው። ያ ካለፈ በዋናነት የሚጠቅመው ለአመክሮ፣ ማለትም ቅጣቱ ሳያልቅ በገደብ ለመፈታት፣ ነው፤ 9 ዓመት የተፈረደበት ሁለት ሦስተኛውን፣ ማለትም 6 ዓመት፣ ጨርሶ ሲጠይቅ ጠባዩ ብቻ ሳይሆን የቻለውን ያህል መካሱም ይታያል።

ከሁሉ የሚብሰው «ታርቀናል» ብሎ ምስክርን ቃሉን ማስቀየር ነው። ምስክሩ በሐሰት ምስክርነት ራሱ ይከሰሳል፤ ያን ቀን አብሮት ወህኒ የሚወርድ ሽማግሌ የለም።

ከእስር ውጭ ያለ ቅጣት ከተፈለገ ቦታው ቀላል ጥፋት ላይ ነው፦ አንቀጽ 103 ከ6 ወር ለማይበልጥ ቀላል እስራት ለሚያበቃ ጥፋት የግዴታ ሥራ ይፈቅዳል።